«እማዬ፣ በአንቺ አጠራር በይልኝ»



ዛሬ የምንነግራችሁ በቅዳሜው የልጆች ጥናት ላይ ያጋጠመንን ነው። እዚህ አሜሪካ ያደጉት ልጆቻችን እንግሊዝኛ ስናነብላቸው ያርሙናል። «እማዬ፣ እንደሱ አይባልም» ሲሉን አንዳንዶቻችን አፍረን ማንበቡን ትተነው ነበር። ልጆቹ ግን አሳምረው የሚጠሩትን ቃል ሲጽፉት ይሳሳታሉ። ሎሚን በእንግሊዝኛ «ሌመን» ይላሉ፤ ሲጽፉ በኦ ፈንታ ኢ ያስገባሉ።

ምክንያቱ «ሽዋ» የሚባለው ድምፅ ነው። መጀመሪያ ስንሰማው ሸዋ መስሎን ሳቅን፤ ስሙ ግን ከዕብራይስጥ የመጣ ነው። እኛ በአማርኛ ፊደሉን ሁሉ አስተካክለን እንጠራለን። እንግሊዝኛ አንዱን የቃል ክፍል ጫን ብሎ ሌላውን ይውጠዋል። በተዋጠው ክፍል ከአምስቱ አናባቢዎች የትኛውም ቢጻፍ፣ የሚሰማው ያው ደካማ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ልጅ በጆሮው ብቻ ተመርቶ ቢጽፍ መሳሳቱ አይገርምም።

ድምፁ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ«ለ»፣ ከ«መ»፣ ከ«በ» የግዕዝ ድምፅ ጋር ይቀራረባል። «ቲቸር»፣ «ዶክተር» ብለን ስንጽፍ «ቸ»ንና «ተ»ን ያስገባነው እኮ ሳናውቀው ነው! ስለዚህ ደጋፊዎቻችን በሰጡን ሰሌዳ ላይ «ባናና» ጽፈን፣ ከሥሩ «በናነ» ብለን ጻፍን። ልጆቹ እጃቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ቃሉን አሉት። «ና» ላይ አገጫቸው ወረደ፤ «በ» እና «ነ» ላይ እምብዛም አልተነቃነቀም። በቃሉ መጀመሪያ ሲመጣ ደግሞ ከስንት አንዴ የምንጽፋትን «ኧ»ን ተጠቀምን፤ «አባውት» ሳይሆን «ኧባውት»። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ «ፔንስል» ላይ ድምፁ ወደ ሳድስ ይጠጋል።

መስማቱን እንዲህ ለመዱት። መጻፉ ሲመጣ፣ አስተማሪ የሆነች አባላችን፣ ልጅ ፊደሉን እንዲይዝ ቃሉን እንደተጻፈው አድርጎ መጥራት ይረዳዋል አለችን፤ «ሌ - ሞን»፣ ኦን ሞላ አድርጎ። ይህ እኮ የእኛው አጠራር ነው! ያፈርንበት አጠራር።

አሁን የቃላት ፈተና ሲደርስ ልጆቹ «እማዬ፣ በአንቺ አጠራር በይልኝ» እያሉ ይመጣሉ። ማንበብ ትተው ከነበሩት እናቶች ሁለቱ ገና አልተመለሱም፤ ቅዳሜ እንጠብቃቸዋለን።