ስልኩ ከተዘጋ በኋላ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ፣ ቡለን፣ በሒሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በሒሳብ መዝገባችን ላይ «የሞባይል ካርድ» ተብላ ስለምትጻፍ ትንሽ ወጪ ነው። ባለፈው ዓመት ልንሰርዛት ነበር። «ገቢ አታስገኝም» ብለን የጻፍነውም እኛው የሒሳብ ሠራተኞቹ ነን።

ካርዱ የሚሞላው ለነርስ አባላችን ነው። በሳምንት ሦስት ምሽት እናቶች ሚስኮል ያደርጉላታል፤ እሷም መልሳ ትደውላለች። ደመወዝ የላትም። «ታዲያ ምን አገኘሽበት?» ብለን ስንጠይቃት ደብተሯን አምጥታ አሳየችን።

በስልክ መምከር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ952 ነፃ መስመር ሰው ስሙን ሳይናገር ስለ ኤች.አይ.ቪ. ይጠይቅ ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ደግሞ ሁላችንም 8335ን በቃላችን ያዝን። በእኛ አካባቢ መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ስልክ ምን ያህል እንደናፈቀን ማስታወስ አያስፈልግም።

ከደብተሯ አንዱን እንንገራችሁ። አንዲት እናት በሌሊት ደወለች። ልጇ በትኩሳት ነዶ እየተንቀጠቀጠ ነው። ጎረቤቶች ጥርሱን በማንኪያ ሊያላቅቁ፣ ውኃም ሊያፈሱበት ይዘዋል። ነርሷ በሺናሽኛ አነጋገረቻት፦ «እህቴ፣ በጎኑ አስተኚው። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። መንቀጥቀጡ ሲቆም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ወባ ሊሆን ይችላል።» ስልኩ ተዘጋ። ነርሷ ያን ሌሊት አልተኛችም።

ከወራት በኋላ ገበያ ላይ በርበሬ ስትገዛ ሻጯ ቀና ብላ አየቻት። «በድምፅሽ አወቅሁሽ» አለቻት። ልጁ ከጆንያው ጎን ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥ ነበር።

«ያገኘሁት ይህን ነው» አለችን። በጤና ጣቢያ ረጅም ሰልፍ እያለ አንዷን እናት እስከ መጨረሻው መስማት አይቻልም፤ በስልክ ግን ይቻላል። ለባሏ ያልነገረችውን የምትነግር አለች፤ አፍራ ምርመራ የቀረችም እንዲሁ። በእርግጥ ስልክ ምርመራን አይተካም። ነርሷ እንደምትለው፣ ከምክሯ ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው «አሁኑኑ ተነሺና ሂጂ» የሚለው ነው።

ነገር ግን ደብተሩ ውስጥ ያስደነገጠን ሌላ ነገር አለ። በመጨረሻው ዓምድ «ምን ሆነች?» የሚል ጥያቄ ተጽፏል፤ አብዛኛው ባዶ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ደም እየፈሰሳት ደውላ ነበር፤ ሂጂ ተባለች። ደረሰች? አልደረሰችም? ነርሷ እስከ ዛሬ አታውቅም። በማግስቱ መልሳ እንዳትደውል ካርዷ አልቆ ነበር። ካርዱን የቀነስነው እኛ ነን።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ያልተዘጋ ሒሳብ እንቅልፍ ይነሳናል። እሷ ግን ስንት ያልተዘጋ ይዛ ታድራለች!

ስለዚህ ዛሬ በጀቱን ስታጸድቁ ካርዷ እንዲቀጥል ብቻ ሳይሆን፣ በማግስቱ ለምትደውልበትም እንዲጨመርላት እንጠይቃለን። ለሻይና ቆሎ ከያዝነው ቢቀነስ ይበቃል። ገቢው የት ይመዘገባል ብላችሁ ብትጠይቁን፣ በዚያች ባዶ ዓምድ ውስጥ ነው።