የዩራኒየም ገበያና የመጠበቅ ዋጋ



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፤ የአንድን ማዕድን የወደፊት ፍላጎት በትክክል የተነበየ ባለሀብት ገንዘቡን እንዴት ሊያጣ ይችላል? ለዚህ የዩራኒየም ገበያ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከፍላጎቱ እንጀምር። የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ዋናው ወጪ ግንባታው ነው፤ የጥሬ ዩራኒየሙ ድርሻ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የዩራኒየም ዋጋ በእጥፍ ቢጨምር ማመንጫው ሥራውን አያቆምም፤ በግማሽ ቢቀንስም አብልጦ አይፈጅም። አቅርቦቱም እንዲሁ ዘገምተኛ ነው። በካናዳ የሚገኘው የሲጋር ሌክ ማዕድን ማውጫ በግንባታ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2006 በውኃ ተጥለቀለቀ፤ ማምረት የጀመረው በ2014 ነው። ሁለቱም ወገኖች ለዋጋ ፈጥነው ምላሽ በማይሰጡበት ገበያ ጥቂት ጉድለት ወይም ጥቂት ትርፍ ዋጋን እጅግ ያናውጣል። በ2007 ከ130 ዶላር በላይ ያወጣ የነበረው አንድ ፓውንድ በ2016 መገባደጃ ከ20 ዶላር በታች ወረደ።

ከማዕድን ማውጫዎች የሚገኘው ምርት ማመንጫዎች ከሚፈጁት ካነሰ እጥረት አለ ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ሆኖም ዩራኒየም ለዓመታት በመጋዘን ሊቆይ ይችላል። ከ1993 እስከ 2013 ድረስ ከሩሲያ የኒውክሌር ጦር መሣሪያዎች የተገኘ 500 ቶን እጅግ የበለጸገ ዩራኒየም ተበርዞ ለአሜሪካ ማመንጫዎች ነዳጅ ሆኗል። ከ2011 የፉኩሺማ አደጋ በኋላም ጃፓን ማመንጫዎቿን ስታቆም ሊፈጅ የታሰበው ነዳጅ ሳይነካ ቀረ። የምርት ጉድለቱ እውነት ቢሆንም ክምችቱ ለረጅም ጊዜ ሸፈነው።

የዚህን መዘዝ በአውስትራሊያው ፓላዲን ኩባንያ ታሪክ እንመልከት። ኩባንያው በናሚቢያ የላንገር ሃይንሪክን ማዕድን ማውጫ በ2007 ሲያስመርቅ ገበያው ደርቶ ነበር። በኋላ ዋጋው ሲወድቅ ዕዳው ባለበት ቆየ። በ2017 ኩባንያው ዕዳውን መክፈል ተስኖት በሕግ በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ በተከተለው ስምምነት ከነባር ባለአክሲዮኖች ድርሻ 98 በመቶው በዋናነት ለአበዳሪዎች ተላለፈ። ማዕድን ማውጫውም በ2018 ሥራ አቆመ። በጥር 2024 ዋጋው እንደገና ከ100 ዶላር አለፈ፤ በዚያው ዓመት ላንገር ሃይንሪክ ዳግም ማምረት ጀመረ። ነባሮቹ ባለአክሲዮኖች የጠበቁት ቀን መጣ፤ ድርሻቸው ግን አስቀድሞ ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

ስለዚህ የማዕድን ኩባንያ ሪፖርት ስታነቡ ከዋጋ ትንበያው በፊት ሁለት ነገሮችን መርምሩ። የዕዳው መክፈያ ቀን መቼ ነው? ከምርቱስ ምን ያህሉ በረጅም ጊዜ ውል ተሽጧል?

እኛ መምህራን አቅርቦትና ፍላጎት የሚገናኙበትን ነጥብ በሰሌዳ ላይ በሁለት መስመሮች እናሳያለን። እስኪገናኙ የሚወስደውን ዘመን፣ የዚያንም ዘመን ወጪ ማን እንደሚሸከም ማስተማር ግን አዘውትረን እንዘነጋለን።