ለጀማሪ የሚሆን አነስተኛ ካሜራ፤ ጥቅሙና ጉድለቱ



የዛሬው ንግግራችን ፎቶግራፍ ማንሳት ለመጀመር የሚፈልግ ሰው በአነስተኛ ዋጋ ስለሚገዛው የኪስ ዲጂታል ካሜራ ነው። በደመወዝ የሚተዳደር ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የዕቃውን ጥቅምና ጉድለት መርምሮ ማወቅ ይገባዋል። በተለይም ለዓመት በዓል ወደ ሐይቅ ሄደው የወላጆችዎን መልክ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ያሰቡ እንደ ሆነ፤ ነገሩ የዋዛ አይደለም። ዘንድሮ ያልተነሣ ሽማግሌ አባት ለከርሞ ላይገኝ ይችላልና።

የዲጂታል ካሜራ ዕድሜ ገና አጭር ነው። ስቲቨን ሳሰን የተባለው የኮዳክ ኩባንያ መሐንዲስ በ1968 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሲሠራ፤ መሣሪያው 10,000 ነጥቦችን ብቻ የሚመዘግብና አንዱን ሥዕል በቴፕ ለመቅዳት 23 ሰከንድ የሚፈጅ ነበር። ከርካሾቹ ካሜራዎች አንዱ የሆነው ኮዳክ ፒክስፕሮ ኤፍ ዜድ 45 ግን 16 ሚሊዮን ነጥቦችን፤ ማለት 16 ሜጋፒክስል ይመዘግባል።

የዚህ ዓይነቱ ካሜራ ጥቅም ግልጽ ነው። አንደኛ፤ በኪስ ይያዛል፤ አሠራሩም ቀላል ስለ ሆነ ልጅም ቢሆን ሊያነሣበት ይችላል። ሁለተኛ፤ ከላይ የጠቀስነው ካሜራ የሚሠራው ከሱቅ በምንገዛው ዓይነት ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ስለ ሆነ፤ መብራት በጠፋበት አገርም አያስቸግርም። ሦስተኛ፤ ሌንሱ ራሱ እየተንቀሳቀሰ የራቀውን እስከ 4 እጥፍ ያቀርባል። በሐይቁ ላይ የሚቀዝፈውን ባለታንኳ ከዳር ሆነው ሲያነሡት ጥቅሙን ይረዱታል፤ ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ሥዕሉን ቆርጠው ያሳድጉታል እንጂ አያቀርቡትምና።

ጉድለቱስ ምንድን ነው? ዋናው ጉድለት ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፤ ማለት ሴንሰሩ፤ እጅግ ትንሽ መሆኑ ነው። መጠኑ 6 በ4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፤ ብዙ ባለሙያዎች ከሚይዙት 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ጋር ሲነጻጸር ስፋቱ ከ30 እጅ አንዱ ነው። በዝናብ ጊዜ ደጅ የተቀመጡ ሲኒና ሳፋ እኩል ውኃ አይሰበስቡም፤ የብርሃንም ነገር እንዲሁ ነው። ስለዚህ መስኮቱ ጠባብ በሆነ ቤት ውስጥ የተነሣ ሥዕል ይደበዝዛል፤ ወይም አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍላሹም ቢሆን ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ሻጩ የሚያሞካሸው የሜጋፒክስል ብዛት ይህን አያድንም፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 18 በ24 ሳንቲ ሜትር ሥዕል 6 ሜጋፒክስል ይበቃልና። እንዲያውም በጨለማ ጊዜ ብዙ ሥዕሎችን አከታትሎ አንሥቶ አንድ የሚያደርግ ጥሩ ስልክ ይበልጠዋል። እንዲህ ያለ ስልክ ካለዎትና ሐሳብዎ የማታ ሠርግ ማንሳት ከሆነ፤ ገንዘብዎን ባያወጡ ይሻላል።

ካሜራውን ከገዙ ደግሞ ብርሃንን ይከተሉ። አባትዎን ከጓዳ አውጥተው በጠዋት ወይም በተሲያት ከደጅ ጥላ ሥር ያስቀምጧቸው። ነጭ ጋቢ የለበሱ እንደ ሆነ ካሜራው በነጩ ተታልሎ ፊታቸውን ሊያጠቁረው ስለሚችል፤ የብርሃኑን ማስተካከያ በመደመር ምልክቱ በኩል ጥቂት ከፍ ያድርጉት። ካሜራውን በሁለት እጅ ይያዙ፤ ክርንዎን ከጎንዎ ያስጠጉ።

የመጨረሻው ምክር ስለ ጥበቃ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በ13ኛው መቶ ዓመት በብራና ተጽፎ እስከ ዘመናችን ደርሷል። እንዲህም ሆኖ በብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ጊዜ ተነሥቶ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል፤ ቅጂውም በሌላ ስፍራ ይገኛል። ጠንካራው ብራና ቅጂ ካስፈለገው፤ ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድማ በአንድ ቀን ልትጠፋ ትችላለች። ስለሆነም ሥዕሎችዎን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ ከሁሉ የሚወዱትንም በወረቀት ያሳትሙ።

እንግዲህ በጠቅላላው፤ ርካሹ ካሜራ የቀን አገልጋይ ነው፤ የማታ ሥራ አይጠይቁት። ይህን ዐውቆ ለገዛው ጀማሪ ግን ብርሃንን ማየት የሚያስተምር መልካም መምህር ይሆንለታል።