መካሪን ስለሚመክር ሰው



ምሥጢር እንደ አደራ ገንዘብ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው በገንዘቡ እንዳያዝዝበት፣ ምሥጢር የሰማም ሰው እንደ ፈቃዱ ሊያወራው አይገባም። ነገር ግን መካሪ በሰማው ነገር ተጨንቆ መንገዱ ሲጠፋው፣ እርሱም በተራው መካሪ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የሰማውን ለበላዩ ቢገልጽ አደራ በላ ይባላልን? ዝም ቢልና ሰው ቢጠፋስ የሚጠየቀው ማን ነው?

ድሬ ዳዋ የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ሌላውም በአንድነት የሚኖርባት ከተማ ናት። ከዚራንና መጋላን የደቻቱ ወንዝ ቢለያቸውም፣ ሠርግና ለቅሶ፣ ገበያና ዕድር ሰውን ሁሉ ያገናኙታል። እንዲህ ባለ ስፍራ ስም ባይጠራ እንኳ ሰፈሩና ቤተ ዘመዱ ከተነገረ ምሥጢሩ ወጣ ማለት ነው። ደግሞም በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በዚህ ዓይነት መከራ ጊዜ አጽናኙ ራሱ ኀዘንተኛ ሊሆን ይችላልና፣ እርሱን የሚደግፍ ሰው የግድ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ አንዲት የ15 ዓመት ተማሪ፣ ወላጆቿ ሊድሯት መሆኑን ለአስተማሪዋ ነገረቻት እንበል፤ «እትዬ፣ አደራዎን ለማንም አይንገሩብኝ» ብላም ለመነቻት። አስተማሪዋ ተጨንቃ ርእሰ መምህሩን ልታማክር አሰበች። ርእሰ መምህሩ ግን የልጅቱ አባት ዘመድ ነው፤ የአስተማሪዋንም ሥራ የሚመዝን እርሱ ነው። ብትነግረው ለልጅቱ ትፈራለች፤ ብትደብቀው ለራሷ ትፈራለች።

ሕግም ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው፣ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ፣ ከልዩ ፈቃድ በቀር ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በቁጥር 399 እንደ ሐኪምና እንደ ጠበቃ ያሉ ሰዎች በሥራቸው ያወቁትን ምሥጢር ቢያወጡ ይቀጣል፤ ያው ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውንም ይቀጣል።

በሩቅ አገር የሆነ አንድ ነገር ደግሞ የበላዩ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያስተምራል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ አንድ ተማሪ አንዲት ወጣት ሊገድል ማሰቡን ለሚያክመው የአእምሮ አዋቂ ነገረው። አዋቂው ለፖሊስ አመለከተ፤ ፖሊስም ይዞ ወዲያው ለቀቀው። የሕክምናው ክፍል አለቃ ግን ነገሩ ከዚያ እንዳያልፍ፣ የተጻፈውም እንዲጠፋ አዘዘ። ልጅቱን ያስጠነቀቃት አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ታትያና ታራሶፍ ተገደለች። በ1976 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሰው አደጋ ላይ ሲሆን አካሚው ያንን ሰው ለማዳን ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ሲል ፈረደ።

ስለዚህ መካሪ ምሥጢር ከመስማቱ በፊት «ሕይወትህን ወይም የሌላውን ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር አልናገርም» ብሎ ወሰኑን ያስታውቅ። የበላዩን ሲያማክር ስም ሳይጠራ፣ ለምክሩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይናገር። የበላዩም የባለ ጉዳዩ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቢሆን፣ «ይህን ለሌላ አማክሪ» ማለት ክብሩን አይቀንስበትም። «ዝም በይ» ብሎ ያዘዘ ሰውም ከዝምታው የሚመጣውን ፍዳ አብሮ እንደሚሸከም ይወቅ።

ያችም አስተማሪ አስቀድማ ወደ ልጅቱ ትመለስ። «ልጄ፣ ዝም ብል እጎዳሻለሁ፤ ለማን ብንነግር ይሻልሻል?» ብላ ትጠይቃት። ከዚያም ወሬ ለሚወድ ሳይሆን ማዳን ለሚችልና ሥልጣን ላለው ሰው ትንገር። ልጅቱ ለጊዜው ትቀየማት ይሆናል፤ ይህ ቅያሜ እውነተኛ ጉዳት ነው፤ ቀላልም አይደለም። ነገር ግን የተቀየመ ልብ በጊዜው ሊታረቅ ይችላል፤ በዝምታ የጠፋ ዕድሜ ግን አይመለስም።