ስለ ትንሿ በቀቀንና ስለ አሮጌው ዛፍ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቀቀን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሽቦ ቤት ተዘግታ የሰው ንግግር የምትደግመውን የባዕድ አገር ወፍ ነው። ነገር ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ አገር ዱር የማትገኝ አንዲት ትንሽ በቀቀን አለች። እኛ የመርሐ ቤቴ ልጆች በዓለም ከተማ አካባቢ ከልጅነታችን ጀምረን እናውቃታለን።

ርዝመቷ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ላባዋ አረንጓዴ፣ መንቈሯ ቀይ ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ፣ የክንፉም ውስጥ ጥቁር ነው፤ ሴቲቱ ግን ቀይ ግንባር የላትም። የሳይንስ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1814 «ታራንታ» ብለው የሰየሟት፣ በኤርትራ በሚገኘው በታራንታ የተራራ መተላለፊያ ስም ነው።

የምትመገበው የጥድና የሾላ ፍሬ፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ዘር ነው። በቅርንጫፍ ላይ ጎጆ አትሠራም፤ የምታድረውም የምትፈለፍለውም በዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ደግሞ የሚገኘው ዕድሜ በጠገበ ዛፍ ላይ ነው።

ታዲያ ይህ ዛፍ ዛሬ የት አለ? ከጀማ ሸለቆ አፋፍ እስከ ከተማው ብንሄድ፣ ትልልቁን ጥድና ወይራ የምናየው ይበልጡን በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ነው። ሌላው ለእርሻ ተመንጥሯል፤ ለማገዶና ለከሰል ተቈርጧል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ገበሬውን በማገዶና በቤት መሥሪያ ረድቶታል፤ ይህን አንክድም። ዳሩ ግን ገና በለጋነቱ ስለሚቈረጥ ለወፊቱ ቤት አይሆናትም። መቶ ችግኝ ተክለን አንድ አሮጌ ጥድ ብንጥል፣ ሒሳቡ አይመጣጠንም።

እኛም ከጥፋቱ ነፃ አይደለንም። ልጆች ሳለን እጃችንን ወደ ቀዳዳው እየሰደድን ጫጩት አውጥተናል፤ አንዱም አላደገልንም።

ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 የገባችበት የዱር አራዊትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ ወፊቱ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ አገር እንዳትሸጥ ይከለክላል፤ መጥረቢያውን ግን አያስቆምም። ወፊቱ ገና ሊጠፉ ከተቃረቡት መካከል አልተቈጠረችም። ዛሬ የምንናገረውም ስለዚህ ነው፤ ከጠፋች በኋላ ንግግር ምን ይረባል?

ጎረቤቶቻችን መንዞች ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምረው የጓሳን ሣር በሥርዓት እየዘጉና እየከፈቱ ኖረዋል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ጓሳን ዛሬም ሕዝቡ ራሱ ይጠብቀዋል። ለሣር የተቻለው ለዛፍ አይቻልምን?

ስለዚህ በክረምት ወደ አገራችን ስንገባ፣ ከካህናትና ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን ቀዳዳ ያላቸውን አሮጌ ዛፎች እንቍጠር፤ እንዳይቈረጡም እንለምን። ለማገዶ ባሕር ዛፉ ይበቃል፤ በምንተክለው መካከል ግን ጥድና ሾላ ይግባበት። ታናናሾቻችንንም እጃቸውን እንዲሰበስቡ እንምከራቸው።