ዳይስ ልማር የሚል ሰው ምን ይማራል?

(በጅቡቲ ከተማ በአርሂባ ሰፈር ለነዋሪዎችና ለኢትዮጵያውያን ሠራተኞች የቀረበ ዲስኩር)



የቁማር ነገር ሰፊ ነው። ካርታው አለ፣ ሎተሪው አለ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በስልክ የሚቆረጠው የኳስ ውርርድ አለ። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ዳይስ ብቻ ነው። አንድ ወጣት መጥቶ «ዳይስ አስተምሩኝ» ቢለን፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልስ አንዱን ያገኛል። አንደኛው «ነውር ነው፣ እንዳትነካው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ና ቁጭ በል፣ እያየህ ትለምደዋለህ» የሚል ነው። የመጀመሪያውን መልስ ሼሁና ቄሱ ከእኔ በተሻለ ሥልጣን ይሰጡታል። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ቁማርን ከመጠጥና ከጣዖት ጋር አንድ ላይ ከልክሏል፤ የሐዋርያት ቀኖናም በዳይስ የተጠመደ ካህን ካልተመለሰ ከሥልጣኑ እንዲሻር ያዝዛል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ክርክሬ ከሁለተኛው መልስ ጋር ነው። «እያየህ ትለምደዋለህ» ማለት በዳይስ ላይ የሚለመድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ የለም እላለሁ።

ገበጣን ተመልከቱ። ገበጣ የሚችል ሽማግሌ ጠጠሩ ከእጁ ሳይወጣ የት እንደሚያልቅ ያውቃል። ሶማሌዎች ሻሕ የሚሉት ጨዋታም እንደዚያው ነው፤ መሬት ላይ በተሠመረ 24 ነጥብ ያለው ሥዕል ላይ እያንዳንዱ ተጫዋች 12 ጠጠሩን ይደረድራል፣ ከዚያ ማን ማንን እንደሚዘጋ የሚወስነው ጭንቅላት ነው። የኢትዮጵያ መኳንንት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥም ቢሆን፣ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ ጠጠሩን የሚያራውጥበት ግርግር ነበረው እንጂ ዕድል አልነበረበትም። በእነዚህ ሁሉ የሃያ ዓመት ተጫዋች ጀማሪውን ያሸንፋል፤ ሽንፈቱም ለጀማሪው ትምህርት ይሆነዋል። ዳይስ ላይ ግን ሕጉ በሩብ ሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት የወረወረውም፣ ትናንት የጀመረውም፣ ጨርሶ የማያውቀው ሕፃንም እኩል ናቸው። ዳይሱ ማን እንደወረወረው አያውቅም።

እንግዲህ የሚማሩት ነገር ካለ ሒሳቡ ነው። አንድ ጨዋታ ወስጄ ላሳያችሁ። የእንግሊዝ መርከበኞች «ዘውድና መልሕቅ» እያሉ በየወደቡ ሲጫወቱት የኖሩት ነው፤ በሌሎች አገሮችም በሌላ ስምና በሌላ ሥዕል ይገኛል። ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ይዘረጋል፤ ስድስት ሥዕል አለበት። ሦስት ዳይሶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ዳይስ ስድስት ገጽ ላይ እነዚያው ስድስት ሥዕሎች ተስለዋል። ተጫዋቹ ባሰኘው ሥዕል ላይ ይመድባል። ሥዕሉ በአንድ ዳይስ ላይ ከወጣ የመደበውን ያህል ያገኛል፣ በሁለት ከወጣ ሁለት እጥፍ፣ በሦስቱም ከወጣ ሦስት እጥፍ። ካልወጣ ተበላ።

ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው በልቡ ያሰላል። «ሥዕሉ ስድስት፣ ዳይሱ ሦስት፤ ስለዚህ ግማሽ ዕድል አለኝ። ሁለትና ሦስት ሲወጣ ደግሞ ጭማሪ አለው። እንዲያውም የማተርፈው እኔ ነኝ!» ይህ ስሌት ብልህ ሰዎችን አሳስቷል። ሦስት ዳይስ ሲወረወር የሚወጣው 216 ዓይነት ነው። ከእነዚህ ውስጥ የእናንተ ሥዕል ጨርሶ የማይታይበት 125 ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይበት 75፣ ሁለት ጊዜ የሚታይበት 15፣ ሦስቱም ላይ የሚወጣው 1 ብቻ ነው። በየውርወራው 100 ፍራንክ እየመደባችሁ 216ቱም ዓይነት አንድ አንድ ጊዜ ቢደርሳችሁ፣ የምታገኙት 7,500፣ 3,000 እና 300፣ በድምሩ 10,800 ፍራንክ ነው። የምታጡት 12,500 ነው። 1,700 ፍራንክ ሄደ። ከመደባችሁት ከየመቶው ወደ 8 ፍራንክ የሚጠጋ ማለት ነው።

ትንሽ ይመስላል፤ ጉዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። 216 ውርወራ በደቂቃ አንድ ጊዜ ቢሆን ከሦስት ሰዓት ተኩል ትንሽ ቢያልፍ ነው። በዚህ ከተማ ጫቱ ከኢትዮጵያ ደርሶ እስኪከፋፈል እኩለ ቀን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ መብረዝ፣ ማለት የጫት መቃሚያ ቤት፣ ገብቶ ለተቀመጠ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ምኑ ነው? በዚያ ጊዜ ውስጥ የተጫዋቹ ገንዘብ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለበትን ለወዳጆቹ ያወራል።

አሁን ደግሞ ዞር ብለን በባለ ሰሌዳው ዓይን እንየው። ስድስት ሰዎች ተቀምጠው በስድስቱ ሥዕሎች ላይ እያንዳንዳቸው 100 ፍራንክ መደቡ እንበል። ሦስቱ ዳይሶች ሦስት የተለያየ ሥዕል ካወጡ፣ ባለ ሰሌዳው ከሦስት ሰዎች 300 ወስዶ ለሦስት ሰዎች 300 ይሰጣል፤ እጁን ከኪሱ አላገባም። ሁለቱ ዳይሶች አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ለአንዱ 200 ለሌላው 100 ይከፍላል፣ ከቀሩት አራት ሰዎች 400 ይሰበስባል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ለአንዱ 300 ከፍሎ ከአምስቱ 500 ይወስዳል። እንግዲህ የሚከስርበትን ውርወራ አሳዩኝ! የለም። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሲወጣ ቤቱ በጩኸት ይናጋል፣ ባለ ዕድሉ ይታቀፋል፤ በዚያች ደቂቃ ከሁሉም ይልቅ ያተረፈው አንገቱን ደፍቶ ሳንቲም የሚቆጥረው ሰው ነው። የተጫዋቾቹን ገንዘብ እርስ በርሳቸው እያከፋፈለ ድርሻውን ያስቀራል። ቁማርተኛ ብላችሁ አትጥሩት፤ እሱ ነጋዴ ነው።

«ግማሽ ዕድል አለኝ» የሚለው ስሕተት የድሃ ሰው ስሕተት ብቻ አይደለም። ሸቫሊዬ ደ ሜሬ የሚባል ፈረንሳዊ ደራሲ ነበር። አንድ ዳይስ አራት ጊዜ ወርውሮ ቢያንስ አንድ ስድስት ይወጣል ብሎ መወራረድ ጥቂት እንደሚያዋጣ ያውቃል፤ ትክክል ነበር፣ ከመቶ 51.8 ያህል ነው። ከዚያ ቀጥሎ አሰበ፤ «በስድስት ገጽ ላይ አራት ውርወራ ካዋጣኝ፣ ሁለት ዳይስ በሚያወጣው 36 ዓይነት ላይ 24 ውርወራ ድርብ ስድስት ሊያመጣልኝ ይገባል።» አላዋጣውም፤ ዕድሉ ከመቶ 49.1 ገደማ ነውና። ሰውዬው ሒሳብ ዋሸችኝ ብሎ ተቈጣ። ጉዳዩ ብሌዝ ፓስካል ዘንድ ደረሰ፤ እዚህ በፈረንሳይኛ የተማራችሁ ስሙን ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። ፓስካል በ1654 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቱሉዝ ላለው የሕግ ሰው ለፒዬር ደ ፌርማ ጻፈ፤ በሁለቱ ደብዳቤዎች የዕድል ስሌት የሚባለው ትምህርት መልክ ያዘ። ዛሬ ወደባችሁ ላይ የሚያርፈው ጭነት መድን የሚገባው በዚያ ስሌት ነው። ከቁማር እንዲህ ያለ ነገር መውጣቱ ያስደንቀኛል፤ ግን ልብ በሉ፣ ያተረፉት መደቡን ትተው ወረቀት ያነሡት ናቸው።

ከሒሳቡ ቀጥሎ ጀማሪ የሚማረው «ዘዴ» ነው። በየቁማር ቤቱ የሚነገረው ዘዴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ስትሸነፍ እጥፍ መድብ፣ አንድ ቀን ትመታለህ፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ታስመልሳለህ። 100፣ 200፣ 400 እያልን እንሂድ። አሥር ጊዜ በተከታታይ የተበላ ሰው 102,300 ፍራንክ ሰጥቷል፤ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 ጀምሮ ለአንድ ዶላር 177.721 ሆኖ ስለተተከለ ይህ 575 ዶላር ያህል ነው። ለአሥራ አንደኛው 102,400 መመደብ አለበት፤ ያን አውጥቶ በአንድ ዳይስ ቢያሸንፍ ትርፉ መጀመሪያ የመደባት 100 ፍራንክ ናት። አሥር ጊዜ በተከታታይ መበላት የማይሆን ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ባሳየኋችሁ ሰሌዳ ላይ ከ240 ሙከራ አንዴ ገደማ ይደርሳል። በየዕለቱ ለሚቀመጥ ሰው ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። «ይህ ሥዕል ከወጣ ቆየ፣ አሁን ተራው ነው» የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። ዳይስ ያለፈውን አይቆጥርም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ንጹሕ ዳይስ ነው። ያልጸዳውም አለ። ትክክለኛ ዳይስ ላይ ተቃራኒ ገጾች ሲደመሩ 7 ይሆናሉ፤ 1 በ6 ትይዩ፣ 2 በ5፣ 3 በ4። አጭበርባሪው በሦስት ቁጥር ብቻ የተሠራ ዳይስ ያስገባል፤ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጊዜ፣ በተቃራኒ ገጽ። የሰው ዓይን በአንድ ጊዜ ከሦስት ገጽ በላይ ስለማያይና ተቃራኒ ገጾችን አብሮ ማየት ስለማይችል፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው ዳይስ ከየትም ቢታይ ደኅና ይመስላል። አንሥቶ ማገላበጥ ብቻ ነው መድኃኒቱ፤ አታገላብጥ ከተባላችሁ መልሱን አገኛችሁ። በአንድ ጎኑ እርሳስ የተቀበረበትን ደግሞ ጨው በብዛት በሟሟበት ውሃ ላይ ቢጥሉት፣ ከተንሳፈፈ ከባዱን ጎን ደጋግሞ ወደ ታች ያዞራል። የአሳል ሐይቅ ጨው ቅርባችሁ ነው፤ ጨው ቸገረን እንደማትሉ ተስፋ አለኝ።

በዕለት ክፍያ የሚሠራ የወደብ ሰው ለምን እንደሚጫወት አውቃለሁ። መርከብ ካልመጣ ሥራ የለም፤ መርከብ መምጣቱን ደግሞ እሱ አይወስንም። በጋላፊ በኩል ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ ወረቀት እስኪያልቅ ቀን ይቆጥራል። ኑሮው ራሱ ዕድል የሆነበት ሰው ዕድልን በእጁ ይዞ መወርወር ቢያምረው አልፈርድበትም። በደረቁ «ተው» ማለት እሱን አያሳምነውም፤ ሒሳቡን በእጁ ሠርቶ ቢያየው ግን ከማንም ስብከት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሰሌዳና ሦስት ዳይስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ባቄላም አለ፣ ገንዘብ ማንም እንዳያወጣ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሠላሳ ፍሬ ይደርሰዋል። ስድስት ወጣቶች ይቀመጡ፣ አንድ ሰው ባለ ሰሌዳ ይሁን፣ ሌሎቻችን ዳይሶቹን እያገላበጥን እንመርምር። እያንዳንዱ ውርወራ በደብተር ይመዘገባል፤ የየሰዉ ባቄላ ሲጀመር፣ በመካከልና ሲያልቅ ይቆጠራል። ጽሑፉ በቀላሉ የሚነበብ ሰው ደብተሩን ይዞ እዚህ ይቅረብ።