ሪያሉ ጨመረ ወይስ ብሩ ቀነሰ?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «ልጄ ከሳውዲ የምትልከው ያው አንድ ሺህ ሪያል ነው፤ ባንክ የሚቆጥሩልኝ ብር ግን በዝቷል። ሪያል ጨመረ ማለት ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። ኮሚቴው መልሱን አዘጋጅተሽ ነይ ስላለኝ ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት።

ሪያል አልጨመረም። የሳውዲ መንግሥት ሪያሉን ከአሜሪካ ዶላር ጋር ካሰረው ወደ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው። የዱባዩ ድርሃምም እንዲሁ 3.67 ገደማ ላይ ታስሯል። ስለዚህ የዶላሩን ዋጋ በብር ካወቃችሁ ለ3.75 አካፍሉት፤ የሪያሉ ዋጋ ይወጣል። ወዲያና ወዲህ የሚለው የእኛው ብር ነው።

አያቶቻችን እህልና ከብት ሲሸጡ የሚቀበሉት ጠገራ ብር የማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት ያለበት ነበር። ዋጋውን የሚወስነው በውስጡ ያለው የብር ማዕድን ስለሆነ፣ ማዕድኑ በዓለም ገበያ ሲወደድና ሲረክስ እሱም አብሮ ይወጣል ይወርዳል። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የራሳችን የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ አንድ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ዶላሩ ራሱ ስለረከሰ ወደ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ወረደ። በዕድሜ የገፋችሁ ይህን ቁጥር ሳታስታውሱት አትቀሩም፤ ደርግ መጥቶ እስኪሄድ ድረስ አልተነቃነቀምና። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀስ እያለ፣ አንዳንዴም በአንድ ሌሊት ዘሎ ወጣ፤ በጥቅምት 2010 መጀመሪያ ብቻ ከ23 ወደ 27 ብር ገደማ ደርሷል።

ትልቁ ዝላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነው ነው። መንግሥት ዋጋውን ራሱ መወሰኑን ትቶ ለባንኮች ሲለቀው፣ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ በዚያው ቀን 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደግሞ መቶን አለፈ። የእናታችንን አንድ ሺህ ሪያል በዚህ አስሉት፤ ከ15,300 ብር ገደማ ተነስቶ ወደ 19,900 ብር ማለት ነው።

«እንግዲያው ተጠቀምን» ትሉ ይሆናል። ያቺ ልጅ ተጠቅማለች፣ እሷንስ ደስ ይበላት። ከዚያ በፊት ባንክ የሚሰጠውና በጥቁር ገበያ የሚሰጠው በእጥፍ ገደማ ይራራቅ ነበር። በሕጋዊ መንገድ የላከች ልጅ ከላቧ ግማሹን ታጣ ነበር፤ ይህን ፍትሐዊ ነበር የሚለኝ ሰው አላገኘሁም። በሰው እጅ የምታስልኩ ግን አሁንም አላችሁ። ያ ሰው አንድ ቀን ስልኩን ቢያጠፋ የት ትከሳላችሁ? ጥቂት ብር ቢጎድልም ደረሰኝ ያለበት ይሻላል።

አሁን ወደ እኛ ሣጥን እንምጣ። በዚያን ሳምንት 57,480 ብር ያስቀመጠች ሴት አርብ ዕለት አንድ ሺህ ዶላር የሚመዝን ገንዘብ ነበራት እንበል። ሰኞ ያው ብር 769 ዶላር ገደማ ብቻ ይመዝናል። ከሣጥኑ ማንም አንድ ሳንቲም አልነካም። ይህ የሚታየን ዘይትና ከውጭ የሚገባ የስፌት ክር ስንገዛ ነው። ጤፍ ዶላር አያውቅም የምትሉ አላችሁ፤ ከአምቦ መስመር በእኛ በገፈርሳ በኩል ጤፉን ጭኖ የሚገባው አይሱዙ ግን ነዳጅ ይጠጣል፣ ማሳው ላይ የሚበተነው ማዳበሪያም በመርከብ የመጣ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። የምትሰጡን በዶላር ከሆነ ብሩ በዝቶ ይመጣል፤ «ዘንድሮ ከእጥፍ በላይ አገኛችሁ» ባይባልልን ደስ ይለናል፤ ክሩም ማሽኑም አብሮ ተወዷልና። ቃል ስትገቡልን የገንዘቡን ዓይነት፣ ቀኑንና የዕለቱን ምንዛሪ ጻፉልን፤ እኛም ሪፖርታችን ላይ እንዲሁ እንጽፋለን።

ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ለብድር የተመደበው ገንዘብ ከአንድ ወር በላይ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥ፤ ልብስ የሚሰፉ አባላት የሦስት ወር ክር በጋራ፣ በጅምላ ይግዙ። ሁለተኛው ላይ ክሩ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ቁልፉን ይይዛል የሚለው ገና አልተነጋገርንበትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ስለምንሰጥበት አስባችሁበት ኑ።